አንደኛዋና ሁለተኛዋ

እናቴ በኅዳር ሞተች፤ ድምጿ ግን እስከ መጋቢት ድረስ ቤታችን ነበር። የነበረበትም ቦታ በደንብ ይታወቃል፤ ሳሎን ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ክዳኑ ወልቆ አንጀቱ የሚታይ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ቀብሯ ላይ ያላለቀስኩት በዚህ የተነሳ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ እኔ «እነዚህ ሰዎች አያውቁም ማለት ነው» እያልኩ ባገራችን የሚወደደውን ጨዋማ ጥቁር ከረሜላ እመጥ ነበር። ስድስት ዓመት ተኩል ሆኖኝ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

የምንኖረው ኮትካ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ወደቡ ከኩሽና መስኮት በሚታይበት ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ኤስኮ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፤ የወረቀት ጥቅል መርከብ ላይ ሲጭን ውሎ ማታ እጁን ይዘረጋና ይጨብጣል እንጂ ብዙ አያወራም። እናቴ ቱይሬ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ ልቧ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። መሥሪያ ቤቶች አረጀ ብለው የወረወሩትን ኮምፒውተር ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ አንስታ፣ በእኔ የበረዶ ጋሪ ጎትታ ታመጣና፣ አቧራውን በአባቴ የጺም ብሩሽ አራግፋ ሊኑክስ ትጭንበታለች። ሊኑክስ የሚሸጥ ሳይሆን ሰው ከሰው የሚቀባበለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ፕሮግራም በመሆኑ፣ የጀመረውም ያገራችን ልጅ በመሆኑ፣ እናቴ የምታወራለት እንደ ገዛ እርሻዋ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ እንደሷ ያበዱ አምስት ስድስት ሰዎች ከሕንጻው ምድር ቤት፣ ለጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ ተብሎ በተሠራው ክፍል ይሰበሰባሉ። የብረት በሩን ብቻዬን ገፍቼው አላውቅም። ውስጡ የጋለ ሽቦና ሄል የገባበት ዳቦ ይሸታል።

«ቱይሬ፣ ይኼን እንኳን ተዪው፤ ሬሳ ነው» ይላታል አንዱ።

«ሬሳስ አንተ ነህ። ይኼ ገና ተነስቶ ስሙን ይነግረኛል።»

«ስሙን ይንገርሽና ከዚያ ትቀብሪዋለሽ።»

ይሳሳቃሉ። ከመካከላቸው ራይሊ የምትባል፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባልም ልጅም የሌላት ሴት የእናቴ የልብ ጓደኛ ነበረች። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ማሽኑንም፣ የተቀዳው ሁሉ የሚቀመጥበትን ዲስክም የሚጠሩት በባለቤቱ ስም ነው። «ራይሊ ዛሬ ግላለች፣ ንፋስ ስጧት»፣ «የቱይሬ ነገር አላማረኝም፣ ታቃስታለች» ሲሉ፣ ስለ ሰው ይሁን ስለ ብረት የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። እኔ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ የተረፉ ብሎኖች በቆርቆሮ ጣሳ እለቅም ነበር።

ሌላው እብደታቸው የጃፓን ካርቱን ነው። ዝናብ የማያባራበት ከተማ፣ ግማሽ አካላቸው ብረት የሆነ ሰዎች፣ ሽቦ አንገታቸው ላይ የሚሰኩ ወንበዴዎች። ካሴቱ በፖስታ ይመጣል፤ እነሱ ተከፋፍለው ይተረጉሙትና ትርጉሙን ከሥዕሉ ሥር ይጽፉበታል። በእኛ ዘንድ የውጭ ፊልም ይነበባል እንጂ ማንም በቋንቋችን አያወራውም። ማንበብ የማይችል ልጅ ያለው ወላጅ ልጁን ጎኑ ሻጥ አድርጎ ያነብለታል። እናቴም ታነብልኝ ነበር፤ ያውም ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ እያወጣች። ወንበዴው ሲናገር ድምጿን ከሆዷ ታወጣዋለች፤ አሮጊቷ ስትናገር አባቴ ከኩሽና ሳይቀር ይስቃል።

ከሁሉ የምወደው ስለ ናጊ የሚያወራውን ነበር። ናጊ አንድ እጇ ብረት የሆነች ልጅ ናት። ድምጿን ሰርቀው ብረት ውስጥ ስለቆለፉባት ከሰፈር ሰፈር እየዞረች ትፈልጋለች። ስድስት ክፍል አለው። እናቴ ሁሌ አጠገቤ ተቀምጣ ማንበብ እንደማትችል ባወቀች ጊዜ፣ ማለትም ክፉው በሽታ ጉበቷ ላይ በተገኘ ጊዜ፣ ድምጿን ማሽኑ ላይ እየቀዳች ከሥዕሉ ጋር ታገጣጥመው ጀመር። አምስቱን በበጋ ጨረሰች። ስድስተኛውን በመስከረም፣ በር ዘግታ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶባት ቀዳች።

«ይኼኛው ለልደትሽ ነው» አለችኝ ስትወጣ፤ ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር። «ሰባት ዓመት ሲሞላሽ። ከዚያ በፊት ሰማሁ ብትዪ ጆሮሽን ነው የምቆርጠው።»

«ናጊ ድምጿን ታገኘዋለች?»

«ጆሮሽን አልኩሽ።»

ልደቴ ሚያዝያ ሁለት ነው። እናቴ ለሰው ሁሉ «ሁለት ቦታ ያልተቀመጠ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት» እያለች ትመክር ነበር። ለራሷ ግን አላደረገችውም። ጊዜ ያለ መስሏት ይሆናል፤ ወይም ደክሟት።

ከቀብሩ በኋላ እኔና አባቴ ማታ ማታ ከእራት በኋላ ሶፋው ላይ እንቀመጥና አንድ ክፍል እንሰማለን። አባቴ ከማሽኑ ያወቀው ነገር ቢኖር ያንን ማስነሳት ብቻ ነበር፤ ራይሊ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ወረቀት ላይ ጽፋለታለች። አምስቱ ሲያልቁ ከአንድ እንጀምራለን። ስድስተኛውን አልነካነውም። እናቴን ፈርተን ነው።

በየካቲት መጨረሻ ማሽኑ ጥፍር ጠረጴዛ ላይ እንደሚያንኳኳ ዓይነት ድምፅ ያሰማ ጀመር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። አባቴ ማስነሳቱን ተወው። ስልክ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

«እየሞተች ነው፣ ራይሊ … አዎ፣ ትናንትም ዛሬም … ከእንግዲህ ሁለት ጊዜ ብትነሳ ነው ትያለሽ?»

አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ስለ ማን እንደሚያወራ ገባኝ። እናቴ አንድ ጊዜ ሞታለች፤ አሁን ደግሞ የቀረችው ልትሞት ነው። በቀብሩ ያላለቀስኩትን ያን ማታ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩት።

ከዚያ ራይሊ በሐሙስ መጣች። እኔ ክፍሌ ውስጥ እየሳልኩ ነበር፤ እነሱ ኩሽና ናቸው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አዲሷን አመጣሁልህ» አለች ራይሊ።

«ትስማማን ይሆን?» አለ አባቴ።

«ለምን አትስማማም? የቱይሬ እኩያ ናት። ባዶዋን ናት፣ ምንም የላትም።»

«እኔ እኮ የዚህ ነገር ሰው አይደለሁም ራይሊ። ሃያ ዓመት ክሬን ላይ ነው የኖርኩት።»

«ቀላል ነው። አዲሷን አንደኛ ታደርጋታለህ፣ ቱይሬን ሁለተኛ። ከዚያ ከሁለተኛዋ ያለውን ሁሉ ወደ አንደኛዋ ታሻግራለህ። ሲያልቅ ቱይሬን ታወጣታለህ።»

«አውጥቼስ የት አደርጋታለሁ?»

«መሳቢያ ውስጥ። እንዳትጥላት ብቻ።»

አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ባዶ፣ ምንም የሌላት፣ የእናቴ እኩያ። ይኼ ራይሊ ካልሆነች ማን ሊሆን ይችላል? የእንጀራ እናት እየመጣችብኝ ነው። አንደኛ ልትሆን! እናቴ ደግሞ ሁለተኛ፣ ከዚያም መሳቢያ! አባቴም ይስቃል!

በዚያ ንግግር ውስጥ ስለ ሰው የተነሳ አንድም ቃል አልነበረም። ራይሊ ያመጣችው አንድ መሥሪያ ቤት የጣለው፣ መጠኑ ከእናቴ ዲስክ ጋር እኩል የሆነ ባዶ ዲስክ ነው። አባቴ የሳቀውም እናቴ በሕይወት ሳለች መሳቢያዎቹን ሁሉ በብረት ስለሞላችበት ነው። ይኼን ሁሉ ራይሊ የነገረችኝ አምና ነው።

ከዚያ ሁለቱም ሳሎን ገብተው ማሽኑ ፊት ተንበረከኩ። እኔም ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ራይሊ አዲሱን ዲስክ ከእናቴ ዲስክ ጎን አስቀመጠችው። ከማሽኑ ሆድ የወጡ ሁለት ጠፍጣፋ ግራጫ ገመዶች ነበሩ።

«ይኼ ገመድ አንደኛ ነው፤ እሱ ላይ አዲሷ። ይኼ ሁለተኛ ነው፤ እሱ ላይ ቱይሬ። ትዕዛዙን ወረቀቱ ላይ ጽፌልሃለሁ፤ ከሁለተኛ፣ ወደ አንደኛ። ግን ብቻህን እንዳትነካት ኤስኮ። እሑድ ከሰዓት እመጣና አብረን እናደርገዋለን።»

«እሑድ» አለ አባቴ።

ራይሊ ዞር ብላ አየችኝ። «ቪልያዬ! ነይ እስኪ እቀፊኝ።»

«አልፈልግም» አልኳት። ዓይኗ ደነገጠ። እሰይ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ዓርብ የእኛ የሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ተራ ነበር። የሕንጻው ሳውና ምድር ቤት ነው፤ ዓርብ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት የኛ ነው፣ ከኛ በፊትም በኋላም ሌላ ቤተሰብ አለ፤ ያመለጠው ሳምንቱን ይጠብቃል። አባቴ ፎጣዎቹን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጠራኝ።

«ሆዴን አሞኛል» አልኩት።

«ልቅር?»

«አይ፣ ሂድ። እተኛለሁ።»

ግንባሬን ዳሰሰና ወጣ። የሊፍቱን ድምፅ እስክሰማ ጠበቅሁ። ከዚያ ማሽኑ ፊት ተንበረከክሁ። ገመድ መንቀልና መሰካት ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሌላው ልጅ የእናቱን ሊጥ ሲያይ እንደሚያድግ እኔ ይኼንን ሳይ ነው ያደግሁት። የገመዱ አንድ ጠርዝ ቀይ ነው፤ እናቴ «ቀዩ ወደ ኃይሉ» ትል ነበር፣ ቀዩ ጠርዝ ኤሌክትሪኩ ወደሚገባበት በኩል ይሁን ማለቷ ነው። አንደኛውን ገመድ ከአዲሷ ላይ ነቀልኩ። ሁለተኛውን ከእናቴ ላይ ነቀልኩ። አለዋወጥኳቸው። ገመዶቹን እሷ እንደምታደርገው ሁለቴ አጥፌ ወደ ጎን አስተኛኋቸው። ምንም የተነካ አይመስልም ነበር።

«አንቺ ነሽ አንደኛ» አልኳት እናቴን። ቀዝቃዛውን ብረት በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት።

አባቴ ፊቱ ቀልቶ፣ ሳውና ውስጥ ገላ የሚመታበት የበርች ቅጠል ጀርባው ላይ ተጣብቆ ተመለሰ። ተኝቼ አገኘኝ። እውነትም ደስ ብሎኝ ተኝቼ ነበር።

እሑድ ጠዋት ፓንኬክ ጋገረልኝ። ከጣሪያው በረዶ ቀልጦ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቤቱ በፀሐይ ተሞልቷል። ፓንኬኩን ስበላ አባቴ ማሽኑን ዞረው፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ። በመጨረሻ «መኖሯን ብቻ ልይ» አለና አበራው።

ቀጭ አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ማቆሚያም አልነበረው። አባቴ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሰዓቱን አየ፤ ራይሊ ለመምጣት አምስት ሰዓት ቀርቷታል። ደወለላት፤ ቤቷ የለችም። ወረቀቱን አነሳ። በሁለት ጣት፣ እያንዳንዱን ፊደል ከወረቀቱ ጋር እያስተያየ ጻፈ። ከሁለተኛ፣ ወደ አንደኛ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ለኔም ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከዚያ ተጫነው።

«በቃ» አለ፤ ላብ አልቦታል። «ማሻገር ጀመረ። ልደትሽ አልቀረም፣ የኔ ልጅ።»

ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሁለታችንም እሷን ስናይ ቆየን። ወረቀቱ ትክክል ነበር። አባቴ አንድ ፊደል አልሳተም። አንደኛ ላይ ያለችው ግን እናቴ ነበረች፤ የአዲሷ ባዶነት ሁሉ በላይዋ ላይ ይገለበጥ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ የሚያውቅ ሰው «መጀመሪያ የትኛው ዲስክ የት እንዳለ ጠይቀው» ይላል። ማሽኑን ቢጠይቁት ይናገራል። አባቴ እንደሚጠየቅ አያውቅም ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ራይሊ ስትመጣ እኔን ወደ ግቢ ላኩኝ። የመጨረሻውን በረዶ ጋሪዬ ጭቃ እስኪነካ ድረስ ጋለብኩበት። ጓንቴ ሲረጥብብኝ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቦቲዬን ሳወልቅ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ኤስኮ፣ ግን እኮ …»

«ራይሊ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኩሽ። ሌላ ሰው የለም። ጨርሰናል።»

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ማሽኑ ጨለማ ነው። አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ራይሊ አጠገቡ፣ እጇ እጁ ላይ። እሷ ታለቅሳለች። እሱ አያለቅስም።

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። አጥፍቷታል። በገዛ አፉ ተናገረ። ለዚህች ሴት ቦታ ለማስለቀቅ እናቴን አጠፋት። እርጥብ ጓንቴን ራይሊ ላይ ወረወርኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውሰውም። «ውጪልን!» እንዳልኩ ግን አስታውሳለሁ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። ራይሊ ኮቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣችም።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?» አልኩት አባቴን።

ቀና ብሎ አየኝ። የወረወርኩትን ጓንት ከወለሉ አነሳ።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»

ሚያዝያ ሁለት ቀን ኬክ ገዛልኝ። አልቀመስኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማውራት አፍራለሁ፤ ግን ሳይወራ አይቀርም። አባቴን ጠላሁት። የልጅ ጥላቻ ሁለት ቀን ነው ይላሉ፤ የኔ ከኔ ጋር አደገ። ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሲመጣ ወረቀቱን አልሰጠውም። የሠራልኝን ሾርባ ሳህኑ ላይ እንዲቀዘቅዝ እተወዋለሁ። ሌላ ሴት አላገባም፤ ይኼንንም «ጥፋቱ ነው የያዘው» እያልኩ ተረጎምኩት።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ክፍሌ በር ላይ ቆመ። የሥራ ልብሱን አላወለቀም ነበር።

«ቪልያ» አለኝ፣ «እናትሽ ስድስተኛውን ስትቀዳ እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ሦስቱንም ቀን። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። ልነግርሽ እችላለሁ። እንደሷ አላምርበትም እንጂ …»

«በአንተ አፍ አልሰማውም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ታምፔሬ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄድኩ። ለገና እደውላለሁ፤ ስለ አየሩ እናወራለን። ከእናቴ የወረስኩት እብደት ግን አልለቀቀኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ሰው የጣለውን ማሽን ከሚያነሱ ሰዎች ጋር እሰበሰባለሁ፣ ሊኑክስ እጭናለሁ፣ እኛም ማሽኖቻችንን በስማችን እንጠራለን። አምና በመከር አንድ ሰው ከአያቱ ጣሪያ ሥር ያገኘውን አሮጌ ሣጥን አመጣ። ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ገመድ። ሰዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እኔ ዲስኮቹን አለዋውጬ ልሞክር ብዬ ገመዶቹን ነቀልኩ። ቀዩን ወደ ኃይሉ አዞርኩ፣ ሁለቴ አጠፍኩ፣ አስተኛሁ።

እጄ ያንን ሲሠራ አየሁት። ያን ዓርብ ያደረግሁትን ረስቼው አላውቅም፤ ለእናቴ የሠራሁላት መልካም ነገር ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። እሑድ ከሆነው ጋር አያይዤው ግን አላውቅም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ይኼንኑ ሥራ እየሠራሁ! ሰው ማወቅ የማይፈልገውን ነገር ሳያውቅ ለመኖር እንዴት ያለ ጉልበት አለው!

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ሲመለሱ ምን ሆነሽ አሉኝ፤ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ራይሊ ጋ ደወልኩና ስለዚያ እሑድ ጠየቅኳት፤ ቁጥሯ ያው የድሮው ነው።

«ሳየው ገመዶቹ ሁለቴ ታጥፈዋል» አለች፤ ድምጿ አርጅቷል። «እኔ እንደዚያ አላጥፍም። አባትሽ ማጠፍ አያውቅም። ቱይሬ ነበረች እንደዚያ የምታጥፍ። ተያየን። እንዴት እንደገባው እንጃ፣ ከኔ በፊት ነው የገባው። "ይኼን ነገር ልጄ መቼም እንዳትሰማ" አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብለን ተማማልን። እኔስ ልመጣ እፈልግ ነበር፣ ቪልያዬ። ስትጠዪኝ ጊዜ …»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ኧረ ተዪኝ። ሂጂ ወደሱ።»

በማግስቱ ባቡር ተሳፈርኩ። አባቴ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ወጥቷል። ኩሽና መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ድንች ይልጥ ነበር። ለምን መጣሽ አላለኝም፤ ሁለት ድንች ጨመረ።

«ገመዱን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አልኩት፤ ኮቴን እንኳን አላወለቅኩም።

ቢላዋው አልቆመም። «ራይሊ ናት የነገረችሽ?»

«እኔው ነኝ ያወቅሁት።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «ጠብቀኝ ብላኝ ነበር። አልጠበቅኩም።»

«አባዬ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰባት ዓመት ላልሞላት ልጅ ምን ብዬ? ድምጿን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ልበልሽ?» ልጣጩን ከቢላዋው ላይ አራገፈ። «የምትጠዪው ሰው ያስፈልግሽ ነበር። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ አልኩ።»

«ቻልከው?»

ድንቹንም ቢላዋውንም አስቀመጠ። «አልቻልኩም» አለ።

ሄጄ አቀፍኩት። ትከሻው ትንሽ ሆነብኝ። አለቀስኩ፤ እሱ እርጥብ እጁ እንዳይነካኝ ወደ ላይ አንስቶ ይዞት ነበር። ትንሽ ቆይቼ፣ ስረጋጋ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ስድስተኛውን ንገረኝ» አልኩት። «አሁን ልስማው።»

መስኮቱን አየ። ከሩቅ አንድ ክሬን ቀስ ብሎ ይዞር ነበር።

«ጠፋብኝ፣ ቪልያ» አለ። «ብዙ ዓመት በቃሌ ይዤው ነበር። አንድ ቀን ትጠይቂኝ ይሆናል ብዬ ክሬኑ ላይ ብቻዬን ስሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እለው ነበር። ወንበዴውንም አሮጊቷንም። ከዚያ አንድ ቦታ ጠፋኝ። ከዚያ ሌላ ቦታ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ … ልጅቷ ድምጿን ታግኘው አታግኘው እንኳን አላውቀውም።»

እሱ ያስቀመጠውን የመጨረሻ ድንች አንስቼ በመዳፌ ያዝኩት።

«አንዱ ብቻ አልጠፋኝም» አለ። «ሦስተኛው ቀን ላይ፣ እያነበበች እያለች መሃል ላይ ቆመች። "ኤስኮ፣ ውሃ" አለች። ገብቼ አጠጣኋት። መቅጃው አልቆመም ነበር። "ይኼን በኋላ አወጣዋለሁ" አለችኝ። ሳታወጣው ቀረች።»

«እሱም እዚያው ላይ ነበር?»

«እዚያው ላይ ነበር። ልደትሽ ሲደርስ አንቺ ተረቱን ትሰሚያለሽ፣ እኔ እሱን እሰማለሁ ብዬ ነበር።» ቢላዋውን አነሳ፤ የሚላጥ ድንች ግን አልቀረም። «ሌላ ቦታ ስሜን ስትጠራ የተቀዳ የለም። ፈልጌአለሁ።»